ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻህን መሸብህ? እስከ ንጋት የመቆያ መመሪያ

ኢንተርኔቱ «ዱር ውስጥ ብቻህን ብትቀር» በሚል ምክር ተሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው የተጻፈው ለካናዳ ጫካና ለአውሮፓ በረዶ መሆኑ ነው። እኛ ደጋ ላይ ሲመጣ ብዙው አይሠራም። አንዳንዱማ ቃል በቃል ገደል ይከታል። ስለዚህ ይሄኛው መመሪያ ለአንድ ቦታ ነው፦ ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከሳንቃበር ጀምሮ በግጭና በጨነቅ አድርጎ እስከ ቧሂት ላለው ከፍታ።

ፓርኩ የሚገባው ስካውት (መሣሪያ የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ተይዞ ነው፤ ታዲያ እንዴት ብቻዬን እቀራለሁ ትል ይሆናል። ይቀራል። ፎቶ ለማንሳት ዞር ትላለህ። ወይ ጭላዳ ስታይ ቡድኑ ይቀድምሃል። በመሃል ጭጋግ ይወርድና ከፊትህ ያለው ቁጥቋጦ እንኳ ይጠፋል። («አንተ» የምለው ለአጻጻፍ ስለሚቀል ነው፤ አንቺም አለሽበት።)

ሥራህ አንድ ሌሊት ማለፍ ነው። ቢበዛ ሁለት። ሲነጋ ወይ መንገዱ ይታይሃል፣ ወይ የሚፈልጉህ ሰዎች ይደርሱብሃል። እስከዚያ የሚያሰጋህ ረሃቡ ሳይሆን ብርዱና ገደሉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማምለጥ ነው።

1. ከደባርቅ (ከፓርኩ መግቢያ ከተማ) ሳትነሳ

የስካውትህን፣ የአስጎብኚህንና ያደርክበትን ቤት ስልክ ቁጥር መዝግብ። ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፈው። የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ለአንድ ሰው ንገር። የአካባቢውን ጸጥታም እዚያው ጠይቅ።

ኪስህና ትንሿ ቦርሳህ ውስጥ እነዚህ ይኑሩ። ትልቁን ቦርሳ በቅሎ ቢሸከመውም እነዚህ ከአንተ አይለዩ፦

- ፊሽካ። ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል።
- ሁለት ላይተር። አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከውስጥ ኪስ ይግባ።
- ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ላስቲክ፣ ሰው የሚያስገባ።
- የእጅ ወይም የግንባር ባትሪ። የስልክ መብራት አይቆጠርም።
- የሱፍ ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ አንድ ትርፍ ካልሲ።
- ሴንጢ፣ ሻማ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ በፌስታል የታሰረ በሶ።
- ውሃ በሃይላንድ፣ እና አንድ ፍሬ የውሃ አጋር (ውሃ የሚያክም ክሎሪን)።

ስለ ጋቢ አንድ ነገር ልበል። ጋቢ ደረቅ ከሆነ ወደር የለውም። ግን ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀትህንም ይመጥጠዋል። የደጋ እረኛ የበግ ለምድ ወይም የሱፍ በርኖስ የሚደርበው ለጌጥ አይደለም። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ትንሽ ያሞቃል። ጋቢ ከያዝክ ከላስቲኩ ውስጥ ልበሰው እንጂ ከላይ አትደርበው። ጂንስ ሱሪ ደግሞ ቤት ይቅር።

2. መጥፋትህ ሲገባህ ቁጭ በል

«ትንሽ ብራመድ አገኛቸዋለሁ» የምትለዋ ሐሳብ ናት ሰው የምታርቀው። ቁጭ በል። ውሃ ጠጣ። አንድ ሁለት ቆሎ አፍህ ውስጥ ጣል አድርግ። 10 ደቂቃ ሳትነሳ ቆይ።

ከዚያ ፊሽካህን 3 ጊዜ ንፋ። አንድ ደቂቃ ዝም ብለህ አዳምጥ። ደግመህ 3 ጊዜ ንፋ። ሦስት ድምፅ በብዙ አገር የድረሱልኝ ምልክት ነው። ፊሽካ ከሌለህ ኡኡ በል። ገጠር ውስጥ ኡኡታ የሰማ ሰው ዝም አይልም። ሸለቆ ለሸለቆ እየተጠራራ የሚውል ሕዝብ ነውና ጆሮውም ሩቅ ይሰማል።

ስልክህን አውጣ። ኔትወርክ ደካማ ከሆነ መደወሉን ትተህ ቴክስት ላክ፤ ጥሪ በማያልፍበት ቦታ ቴክስት ሊያልፍ ይችላል። ካርታው ያለ ኔትወርክም ያለህበትን ነጥብ ያሳያል። የነጥቡን ሁለት ቁጥሮች (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ገልብጠህ ላካቸው፤ «ዛፉ አጠገብ ነኝ» ከሚል መልእክት ይሻላል። ከላክህ በኋላ ፍላይት ሞድ ላይ አድርገህ ከሰውነትህ ጋር አስጠጋው። ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል። በየሰዓቱ አንዴ እየከፈትክ መልስ እይ።

3. ምን ያህል ብርሃን እንደቀረህ ለካ

እጅህን ዘርግተህ በፀሐይና በአድማሱ መካከል ጣትህን ቁጠር፣ አራት ጣት አንድ ሰዓት ነው የሚል ዘዴ አለ። ይህ ፀሐይ አግድም ተንሸራታ ለምትጠልቅባቸው ለሰሜኖቹ አገሮች ነው። እኛ ጋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ስለዚህ አራት ጣት ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በስተምዕራብ ተራራ ካለ ከዚያም ያንሳል። ከጠለቀች በኋላም ብርሃኑ ብዙ አይቆይም፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። እኔ የምልህ፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የምታውቀውን መንገድ ካላገኘህ መፈለጉን አቁመህ ማደሪያ ማዘጋጀት ጀምር። ጨለማ ሳይዝህ ሁለት ሰዓት ያስፈልግሃል።

የእጅ ሰዓትን የሰዓት ቆጣሪ ወደ ፀሐይ አዙሮ አቅጣጫ የማግኘት ዘዴም እዚህ አያስተማምንም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናትህ አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ በቀሪው ጊዜ በደቡብ ናት። የሚሠራው የእንጨት ጥላ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ትከል፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርግ፣ 20 ደቂቃ ጠብቀህ ሁለተኛ ጠጠር አስቀምጥ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው።

4. ውሃ ተከትለህ አትውረድ

«ወንዝ ተከተል፣ ሰው ጋ ያደርስሃል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ይሄ ምክር ይገድላል። የጅንባርን ወንዝ ውሰድ። ከላይ ሲታይ ሜዳ ላይ የሚንፏቀቅ የዋህ ውሃ ነው። ተከትለኸው ብትሄድ ግን ሳንቃበርና ግጭ መካከል 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ትናንሾቹ ጅረቶችም ብዙዎቹ መጨረሻቸው እንዲሁ ነው።

ትልቁ ገደል በስተሰሜን ነው። ከደባርቅ በሳንቃበር አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚሄደው የመኪና መንገድ ደግሞ ከገደሉ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ አየሩ ጥርት ካለና ቀን ከሆነ ገደሉን በቀኝህ አርቀህ ብትይዝ ፊትህ ወደ ደባርቅ ነው። ግጭ አምባ ላይ ከሆንክ ግን ከመንገዱ የሚለይህ የጅንባር ሸለቆ በመሃል አለ፤ በምትታወቀዋ የእግር መንገድ ካልሆነ አትሻገረው። ጭጋግ ካለ ወይም ከመሸ ከናካቴው አትንቀሳቀስ። ከገደሉ ጠርዝም 30 እርምጃ ያህል ራቅ። ሳሩ ከአፈሩ አልፎ ይንዘረፈፋል፤ ከስሩ ባዶ መሆኑ አይታይም።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ሌሊት የውሻ ጩኸት፣ ንጋት ላይ የዶሮና የደወል ድምፅ ትሰማለህ። ከአጠገብህ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ከገደሉ ግርጌ ካለ መንደር ሽቅብ የመጣ ነው። ድምፁን ተከትሎ በጨለማ መውረድ የለም።

5. ማደሪያ

እዚህ ላይ ረጋ በል። ሌሊቱ የሚታለፈው በዚህ ነው።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ 3,926 ይደርሳል። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ነው የምትወጣው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ታያለህ። በክረምት ዜሮ ባይደርስም ዝናቡ ያረጥብሃል። እርጥብ ልብስና ንፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ከደረቁ ውርጭ ይብሳሉ።

ቦታ ስትመርጥ ጫፉም አይሁን፣ የሸለቆው ወለልም አይሁን። ጫፉ ላይ ንፋስና መብረቅ አለ። ወለሉ ላይ ቀዝቃዛ አየር ተንከባሎ ይተኛል። ወገቡ ላይ፣ ከንፋሱ በተቃራኒ፣ ትልቅ ድንጋይ ወይም የአስታ ቁጥቋጦ ተገን አድርግ። ከዓለት ሥር ያለ ዋሻ ካገኘህ መሬቱን እይ። አዲስ እበት መሳይ ነገር፣ አጥንት ወይም የከረረ ጠረን ካለ ባለቤት አለውና ተወው። የእሳት አመድና የድንጋይ መቀመጫ ካለ ግን የእረኛ ማረፊያ ነው፤ ግባ።

ቀጥሎ መኝታ። ከላይ ከሚሸፍንህ ይልቅ ከሥር ያለው ይበልጣል፤ መሬት ሙቀትን ይመጥጣል። ጓሳው (የደጋው ረጅም ሳር) እንደ ችፍግ እየሆነ ነው የሚበቅለው። የደረቀውን እየሰበሰብክ ጉልበትህ ድረስ ከምር። ብዙ ይመስልሃል። ስትቀመጥበት ስንዝር ነው የሚሆነው፤ ስንዝርም በቂ ነው። ፓርክ ውስጥ እጽዋት መቁረጥ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። የወደቀውንና የደረቀውን ውሰድ፤ ለነፍስህ ስትል የምታደርገው ነው፣ ማንም አይቆጣህም።

አሁን ልብስህን። የረጠበውን ሁሉ አውልቅ። በተለይ ካልሲውን። ደረቁን ልበስ፣ ሹራቡን ሱሪ ውስጥ ክተት። በጃኬትህና በሹራብህ መካከል ደረቅ ሳር ጎዝጉዝ። ያሳክካል፤ ግን ይሠራል። አንዱን ላስቲክ እስከ ብብትህ ግባበት። ሁለተኛውን ከላይ አጥልቀህ ለፊትህ ቀዳዳ ክፈትለት። ፊት መሸፈን የለበትም፤ ትታፈናለህ፣ ትንፋሽህም ውስጡን ያረጥበዋል። እግርህን ባዶ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። አትንጋለል፤ ጉልበትህን አቅፈህ ቁጭ በል ወይም ተኮራመት።

በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተህ ቁጭ ብድግ ሥራ። 20 ይበቃል። ሳያልብህ አቁም፤ ላብ መልሶ ውርጭ ይሆንብሃል። ቆሎውን ለሌሊት ቆጥብ። ሆድ ሥራ ሲያገኝ ሰውነት ይሞቃል።

ራስህን የምትፈትሽበት ቀላል ነገር አለ። አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋር አገናኝ። ካቃተህ ብርዱ እየገባ ነው፤ ወዲያው ተንቀሳቀስ፣ ብላ፣ የረጠበ ነገር ካለ ቀይር። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውነትህ እየታገለ ነው። የሚያስፈራው ሳትሞቅ መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ምላስህ ሲተሳሰር፣ ወይም ድንገት «ሞቀኝ» ብለህ ልብስ ማውለቅ ሲያምርህ ነው።

አረቄ የያዘ ሰው ካለ ይተወው። ደረትን የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀቱን ለብርድ ያስረክበዋል።

6. እሳት

እሳት ካገኘህ ደስ ይላል። ካላገኘህም ከላይ ያለውን በትክክል ከሠራህ ታድራለህ፤ ስለዚህ መጀመሪያ መኝታውን ጨርስ።

ጥሩው ማገዶ ቆሞ የደረቀ የአስታ ጭራሮ ነው። መሬት ላይ የወደቀው ውሃ ጠጥቷል። ከብት በሚውልበት ቦታ ደግሞ ደረቅ ኩበት ታገኛለህ። ቀስ ብሎ ስለሚነድ ለሌሊት ምቹ ነው። ላይተርህ እሺ ካላለ ብብትህ ሥር 5 ደቂቃ አሙቀው፤ ጋዙ ብርድ ላይ ይሰንፋል። ላይተሩን አንድደህ እንጨት ላይ አትያዝ። ሻማውን ለኩስና እሱን ከጭራሮው ሥር አድርግ።

እሳቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አይለፍ። ዙሪያውን ሳሩን ንቀል፣ ድንጋይ ክበብ። ማስፈራራቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩን የበላው ቃጠሎ ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። በበጋ ጓሳና አስታ እንደ ቤንዚን ነው። ንፋስ ካለ እሳቱን ተወው።

7. ውሃና ምግብ

ብርድ ላይ ጥም አይሰማም፤ ግን ከፍታው ያደርቃል። ሳይጠማህም ጠጣ።

የጅረቱ ውሃ ጥርት ብሎ ቢያምርህም ከላይ ከብት ይግጣል። የውሃ አጋር ካለህ እንደ መመሪያው ጨምረህ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ማሰሮ የሚሆን ነገር ካለህ አፍላው። በዚህ ከፍታ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ጨምርለት። ሁለቱም ከሌሉህ ወረቀቱን የላጥክለትን ንጹህ ሃይላንድ ሞልተህ ለ6 ሰዓታት ፀሐይ ላይ አጋድመው። ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ምንም አማራጭ ከሌለህና ከደረቅክ ግን ጠጣው። ጃርዲያ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚያምህ፤ ያኔ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።

ምግብ ፍለጋ አትውጣ። ሁለት ቀን በረሃብ የሚሞት የለም። ጅብራ ሲያዩት ትልቅ ጎመን ይመስላል፤ መርዛማ ነው፣ አትንካው። እንጉዳይም ተው። ጦስኝን በመዓዛው ታውቀዋለህ፤ ፍል ውሃ ካለህ ጣል አድርገህ ጠጣ።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ከፍታው ነው፤ እረፍ፣ ሽቅብ አትውጣ። ስትራመድ እንደ ሰካራም የምትንገዳገድ ከሆነ ወይም ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ ነገሩ ከባድ ነው። ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ አለብህ፤ እሱም በምታውቀው መንገድ።

8. አውሬው

ጭላዳ አይነካህም፤ ከመሸም ገደሉ ላይ ወርዶ ነው የሚያድረው። ነብርና ጅብ አሉ። ቁጭ ብሎ የሚያወራ፣ ፊሽካ የሚነፋና ባትሪ የሚያበራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይሸሻሉ። ምግብህን በፌስታል ጠቅልለህ ከመኝታህ አርቀህ አስቀምጥ።

እኔን የሚያሳስበኝ የመንደር ውሻ ነው። ከመጣብህ አትሩጥ። ቆመህ ጎንበስ በልና ድንጋይ የምታነሳ ምሰል፤ አብዛኛው ውሻ ይቺን ያውቃታል። ከነከሰህ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠበውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

9. ሲነጋ

ፀሐይ እስክትሞቅ አትቸኩል። ጭጋጉ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ በጠዋት ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ያለህበትን ቦታ በደንብ እይ። ጭስ ፈልግ። የከብት መንገድ ፈልግ። በየተራ 3 ጊዜ ፊሽካ መንፋትህን ቀጥል። አንዱን ላስቲክ ገላጣ ቦታ ላይ ዘርግተህ በድንጋይ አስይዘው።

ድሮ ግጭ ላይ እረኛ አይጠፋም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመንደሩ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከሄዱ ወዲህ አምባው ጭር ብሏል። እዚያ ከሆንክ የሚያገኝህ ፈላጊ ቡድን ነውና ካለህበት ብዙ አትራቅ።

እረኛ ልጅ ካየህ ከሩቁ ድምፅ ስጥ። ሮጠህ አትቅረበው፤ ይደነግጣል። «ማሙሽ፣ እንዴት አደርክ? መንገድ ጠፍቶኝ ነው» በለው። ቤት ካገኘህም በቀጥታ ደጃፍ ላይ አትድረስ። ውሻ አለ፣ ባለቤቱም ማን እንደሆንክ አያውቅም። ከአጥሩ ውጭ ቆመህ፣ እጅህ እንዲታይ አድርገህ፣ «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!» ብለህ ተጣራ። ምሽት ከሆነ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለት ይበቃል። እናት ከወጡ «እናቴ»፣ አባወራው ከወጣ «አባቴ» ወይም «ጋሼ» በል።

እሳት ዳር ሲያስቀምጡህ እጅና እግርህን ወደ ነበልባሉ አታስጠጋ። የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅም። መጀመሪያ ደረትህንና ሆድህን ሸፍነህ አሙቅ፣ ትኩስ ነገር ጠጣ።

ከዚያ ሌላ ነገር ከማድረግህ በፊት ስልክ ያለው ሰው ለምነህ ወረቀትህ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውል። መገኘትህን ለስካውትህና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ንገር። አንተን ፍለጋ ገደሉ ጠርዝ ላይ የሚዞሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱም ይመለሱ።